በታሪክህ ውስጥ አንተ የት ነበርህ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እሑድ ከትምህርት በኋላ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስንጨዋወት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁን? አንዱ ስለ ልጅነቱ ያወራል፤ አንዷ ከአለቃዋ ጋር የተጋጨችበትን ቀን ትናገራለች፤ ሌላው እንዴት እንደ ተበደለ ይተርካል። ታሪኩን አሥር ጊዜ የሰማነው ቢሆንም ዐሥራ አንደኛውን እንሰማዋለን። ጨዋታ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ሰው ስለ ራሱ ደጋግሞ የሚናገረው ታሪክ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ትዝታውን ይቀርጻል፥ ምርጫውን ይመራል፥ የነገ መንገዱንም ይጠርጋል ወይም ይዘጋል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እንዳይባልብኝም ከራሴ እጀምራለሁ።

አባታችን ያረፈው እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችንን የያዘው በአናጢነት የሚተዳደረው ታላቅ ወንድሜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ የፈተና ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ሳይሆን ቀረ። በክፍያ በሚያስተምር ኮሌጅ ልማር ብዬ ወንድሜን ጠየቅሁት፤ እርሱም ከለከለኝ። ታሪኬ ይህ ነበር። «ወንድሜ ባይከለክለኝ ኖሮ ዛሬ የት በደረስሁ!» እያልሁ ስድስት ዓመት ሙሉ ለጓደኛ፥ ለጎረቤት፥ ለቡና ጠጪ ሁሉ ተናገርሁት። በዚሁ ታሪክ ምክንያት በወንድሜ ሠርግ ላይ አልተገኘሁም። በዚሁ ታሪክ ምክንያት የማታ ትምህርት ለመመዝገብ ሁለት ጊዜ ዕድል ሲገጥመኝ «እኔማ ጊዜዬ ተወስዶብኛል» ብዬ ተውሁት።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ይህንኑ ታሪክ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና ሲያበቃ፥ «ልጄ፥ የወንድምህን ሁሉ ሰማሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንተ የት ነበርህ?» አሉኝ። በልቤ ተቆጣሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ እናቴ የቤቱን ወረቀት ከሣጥን ውስጥ እንድፈልግላት ጠየቀችኝ። ወረቀቶቹን ሳገላብጥ አንድ ደረሰኝ አገኘሁ። የኮሌጅ መመዝገቢያና የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ክፍያ ነው፤ የተማሪው ስም የእኔ፥ የከፋዩ ስም የወንድሜ። ቁጭ ብዬ ሳስብ ነገሩ ቀስ በቀስ ተመለሰልኝ። ወንድሜ ከፍሎልኝ ነበር። ተመዝግቤ ትምህርት ጀምሬ ነበር። የመጀመሪያውን የሒሳብ አያያዝ ፈተና ስወድቅ ዐፈርሁ፤ ከዚያ በኋላ ጧት ደብተሬን ይዤ ከቤት እየወጣሁ ከረንቡላ ቤት እውል ነበር። ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ክፈልልኝ ስለው፥ «በመጀመሪያው ምን ሠራህበት?» ብሎ እንቢ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ክልከላው እውነት ነበር። ከክልከላው በፊት የነበረውን ግን ታሪኬ ቆርጦ ጥሎታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አውቄ እዘልለው ነበር፤ ቈይቶ ግን መዝለሌን ራሱን ረሳሁት። እንደ ውሸታም ሳይሆን እንደ እውነተኛ እማኝ ሆኜ እናገር ነበርና፥ የሚያስፈራውም ይህ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ድካም እንዳልሆነ የሰውን አእምሮ የመረመሩ ሊቃውንትም አሳይተዋል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ፍሬድሪክ ባርትሌት፥ በ1932 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ ሰዎች አንድ የማያውቁትን የባዕድ አገር ተረት እንዲያነብቡና ከጊዜ በኋላ መልሰው እንዲናገሩ አደረገ። ተረቱ በየአፉ እየተቀየረ ሄደ፤ እንግዳ የሆነባቸውን እየጣሉ፥ የቀረውን ከራሳቸው አገር ልማድ ጋር እያስማሙ ተናገሩት። በ1974 ዓ.ም. (በዚያው አቆጣጠር) ደግሞ አሜሪካዊቱ ኤልዛቤት ሎፍተስ ከጆን ፓልመር ጋር ሆና ለተማሪዎች የመኪና ግጭት በፊልም አሳየች። ለአንዳንዶቹ «መኪናዎቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ተባለ፤ ለሌሎቹ «ሲደቃቀቁ» የሚል ቃል ተጨመረላቸው። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችሁ ነበርን ተብለው ሲጠየቁ፥ የከበደውን ቃል ከሰሙት 50 ተማሪዎች መካከል 16ቱ «አዎን» አሉ፤ ቀላሉን ቃል ከሰሙት 50 መካከል ግን «አዎን» ያሉት 7 ብቻ ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት ጭራሽ አልነበረም። አንዲት ቃል ያልነበረን ነገር በትዝታ ላይ መጨመር ከቻለች፥ ስድስት ዓመት የተደጋገመ ታሪክ ምን ያህል ይጨምር፥ ምን ያህልስ ይቀንስ ይሆን?

ቅዱስ መጽሐፍም ይህን ድካማችንን ከብዙ ዘመን በፊት ጽፎልናል። እስራኤል ከግብፅ ወጥተው በምድረ በዳ ሳሉ መናው ሰለቻቸውና በግብፅ ይበሉት የነበረውን ማሰብ ጀመሩ (ዘኍ. 11፥4-6)። ዓሣው ትዝ አላቸው፤ ያውም ያለ ዋጋ ይሰጣቸው እንደ ነበር ተናገሩ። ዱባውና ሽንኩርቱም ትዝ አላቸው። የጡቡ ጭቃ፥ የአስገባሪዎቹ ጅራፍ፥ ወደ ወንዝ የተጣሉት ሕፃናት ግን ከወሬያቸው ወጥተዋል። ይህ ተራ የሆድ ወሬ እንዳይመስለን። ጥቂት ምዕራፍ አለፍ ብለን ስናነብ አለቃ ሾመው ወደ ግብፅ ለመመለስ ሲመክሩ እናገኛቸዋለን (ዘኍ. 14፥4)። ወሬው ትዝታ ሆነ፥ ትዝታው ምክር ሆነ፥ ምክሩም ያን ትውልድ ከተስፋይቱ ምድር አስቀረው። ስለዚህ ነው ሙሴ በኋላ፥ ልጅህ በጠየቀህ ጊዜ የፈርዖን ባሪያዎች እንደ ነበርን፥ እግዚአብሔርም በጽኑ እጅ እንዳወጣን ንገረው ብሎ ያዘዘው (ዘዳ. 6፥20-23)። ታሪኩን ከባርነቱ ሳይሸሽጉ፥ ያወጣቸውንም ሳይረሱ እንዲናገሩት ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚገለጠው ግን በዮሴፍና በወንድሞቹ ታሪክ ነው። እባካችሁ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ከዘፍጥረት ምዕራፍ 37 ጀምሮ እንደ ገና አንብቡት።

ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ወንድሞቹ በ20 ብር ሸጡት። ቀሚሱንም በፍየል ደም ነክረው ወደ አባታቸው ላኩና የልጅህ ቀሚስ እንደ ሆነ እየው አሉት። ልብ በሉ፤ በዚያች ሰዓት አውሬ በላው አላሉም። ቀሚሱን ብቻ አሳዩ፤ የቀረውን አባታቸው ራሱ ጨረሰው። አንዳንድ ጊዜ ሰው ምንም የሐሰት ቃል ሳይናገር እንዲህ ይዋሻል፤ ግማሹን አሳይቶ ግማሹን ይደብቃል። እኔም የወንድሜን ክልከላ አሳይቼ ደረሰኙን ሣጥን ውስጥ ትቼው ነበር። ያዕቆብ በዚያች ባልተፈጸመች ሞት ሲያዝን ብዙ ዓመት ኖረ። ወንድማማቾቹም ግብፅ ወርደው ዮሴፍ ፊት በቆሙ ጊዜ እንኳ፥ ማንነቱን ሳያውቁ፥ ስለ እርሱ ሲናገሩ «አንዱ የለም» ብቻ ብለው አለፉ (ዘፍ. 42፥13)።

ዳሩ ግን በዚያው ምዕራፍ ጭንቅ ሲይዛቸው እርስ በርሳቸው የተነጋገሩትን ተመልከቱ። ወንድማቸው እየተጨነቀ ሲለምናቸው አይተው እንዳልሰሙት ተናዘዙ (ዘፍ. 42፥21)። ወደ ምዕራፍ 37 ተመልሳችሁ ብትፈልጉ ይህን ልመና አታገኙትም። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መለመኑን የምንሰማው ያን ጊዜ፥ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ፥ ከራሳቸው አፍ ነው። ቈርጠው የጣሉትን ቍራጭ ወደ ታሪካቸው መለሱት። የእነርሱ የንስሐ መጀመሪያ ይህች ናት።

ውጤቱንም በይሁዳ ላይ እናየዋለን። ወንድማችንን እንሽጠው ብሎ ምክር ያቀረበው ይሁዳ ነበር (ዘፍ. 37፥26-27)። በምዕራፍ 44 ደግሞ ታናሹ ብንያም ባሪያ ሆኖ ሊቀር ሲል፥ በእርሱ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ የለመነው ያው ይሁዳ ነው። ከመለመኑ በፊትም የቤታቸውን ታሪክ፥ የአባቱን ኀዘን ሳይቀር፥ በዝርዝር ተናገረ። ትናንት ወንድም የሸጠ ሰው ዛሬ ስለ ወንድሙ ራሱን ሰጠ። መድኃኒታችንም በሥጋ የተወለደው ከዚህ ከይሁዳ ነገድ ነው። እውነተኛ ትዝታ ምርጫን እንደሚለውጥ፥ ምርጫም የሚመጣውን ትውልድ እንደሚነካ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ከየት እናመጣለን?

አሁን ወደ ዮሴፍ እንመለስ። እርሱ የተበደለው ነው። በእስር ቤት ሳለ ለጠጅ አሳላፊው ታሪኩን ሲነግረው፥ ከዕብራውያን አገር ተሰርቄ መጣሁ፥ እዚህም ያለ በደል ታሰርሁ አለው (ዘፍ. 40፥15)። ይህ እውነት ነው፤ አንዲት የሐሰት ቃል የለበትም። ዮሴፍ ግን በዚያ ላይ አልቆመም። በ30 ዓመቱ ከእስር ወጥቶ ሲሾም ለልጆቹ ያወጣላቸው ስም የሕይወቱ ታሪክ ነው፤ የፊተኛውን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ሲል ነው፤ ሁለተኛውን ኤፍሬም ያለው በመከራዬ አገር አፈራኝ ሲል ነው። ወንድሞቹም በመጡ ጊዜ የሸጣችሁኝ ወንድማችሁ እኔ ነኝ አላቸው። «ሸጣችሁኛል» የሚለውን ቃል አላስቀረም፤ በደሉን አልሸፈነም። ወዲያው ግን፥ እናንተን በሕይወት ለማኖር እግዚአብሔር ከፊታችሁ ላከኝ አለ (ዘፍ. 45፥4-8)። አድራጎቱ ያው ነው፤ ጉድጓዱም ያው፥ ሃያው ብርም ያው ነው። በእስር ቤት የነገረው ታሪክ «ወሰዱኝ» የሚል ነበር፤ በዙፋን አጠገብ የነገረው «ላከኝ» የሚል ሆነ። በመጀመሪያው ታሪክ ላይ ቢቆም ኖሮ በቀል የሚመልስበት ሥልጣን በእጁ ነበረ፤ በሁለተኛው ታሪክ ምክንያት ግን እህል ሰፍሮ ሰጣቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። ከመካከላችን በእውነት የተበደለ፥ የተደበደበ፥ የተደፈረ፥ አደራው የተበላበት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ላለው ወንድም ወይም እኅት «እግዚአብሔር ለበጎ ነው ያደረገው፤ እርሳው» ብለን አፉን መዝጋት አይገባንም። ለዮሴፍ ይህን ያለው ማንም ሰው አልነበረም፤ እርሱ ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ፥ እያለቀሰ የተናገረው ቃል ነው። የተበደለ ሰው በመጀመሪያ የሚያምነው ጆሮ፥ የሚያግዘውም እጅ ያስፈልገዋል። በታሪኬ ውስጥ እኔ የት ነበርሁ ብሎ መጠየቅም ያልሠራነውን ጥፋት በራሳችን ላይ መጫን ማለት አይደለም። ዮሴፍ በጉድጓዱ ውስጥ ጥፋት አልነበረበትም፤ ከጉድጓዱ በኋላ ግን በጶጢፋር ቤትና በእስር ቤት ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ የእርሱ ድርሻ ነበር። የተደረገብን ነገር አለ፤ እኛ ያደረግነውም አለ። እውነተኛ ታሪክ ሁለቱንም ይይዛል።

አባቶቻችን መነኮሳትም ይህን ያውቁ ነበር። ቀድሞ ወንበዴ የነበረውና በሰኔ 24 ቀን የምናከብረው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም በገዳመ አስቄጥስ ሲኖር አንድ ወንድም ስለ ሳተ አባቶች ለፍርድ ተሰብስበው ጠሩት። እርሱም የሚያፈስ ማሰሮ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ይህ ምንድን ነው ቢሉት፥ ኀጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፥ እኔም አላየውም፥ ነገር ግን በሌላው ስሕተት ልፈርድ መጣሁ ብሎ መለሰ። አባቶችም ይህን ሰምተው ያን ወንድም ይቅር አሉት። ሙሴ ጸሊም ያለፈ ታሪኩን ሲናገር የሚያወራው የሌሎችን ክፋት አልነበረም፤ ማሰሮው የራሱ ነበረ።

ውድ ወጣቶች፥ እንግዲህ ምን እናድርግ? ከኀፍረቴ የተማርሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፥ ከሁሉ ይልቅ ደጋግመህ የምትናገረውን አንዱን ታሪክህን ምረጥና በደብተርህ ላይ ጻፈው። ጽፈህ ስትጨርስ «እርሱ» «እርሷ» «እነርሱ» የሚሉት ቃላት ስንት ጊዜ እንደ ተጻፉ፥ «እኔ እንዲህ አደረግሁ» የሚለው ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈ ቍጠር።

ሁለተኛ፥ በዚያ ቀን የነበረ ሌላ ሰው ካለ ሂደህ ጠይቀው፤ እናትህን፥ አክስትህን፥ የጎረቤት ሽማግሌ። የእነርሱ ትዝታም እንደ አንተው ሊሳሳት ይችላል። ቢሆንም ሁለት ሰዎች አንድን መንገድ ሲያስታውሱ አንዱ የዘለለውን ድንጋይ ሌላው ያስታውሰዋል።

ሦስተኛ፥ ታሪክህን ወደ ንስሐ አባትህ ይዘህ ሂድ። ንስሐ ማለት በእግዚአብሔር ፊት ታሪክን ሳይቈርጡ መናገር ነው። በሰው ፊት ስንናገር መልካም ሆነን ለመታየት እንለፋለን፤ ሁሉን በሚያውቀው ፊት ግን የምንደብቀው ነገር ስለሌለ ማረፍ እንችላለን።

አራተኛ፥ ለታናናሾቻችሁ የምትነግሩትን አስቡ። በመዝሙር 77 የእግዚአብሔር ሥራ ለሚመጣው ትውልድ እንዲነገር ታዝዟል፤ በዚያው መዝሙር ግን የአባቶች እልከኝነትና ስሕተት ሳይሸሸግ ተነግሯል። ልጆቻችን ያለ ነቀፋ የነበርን አድርገን ብንተርክላቸው ሲወድቁ ወዴት እንደሚመለሱ አያውቁም።

የጀመርሁትን ልፈጽም። በሰኔ ወር ደረሰኙን ይዤ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድሁ። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ዝም አለ። ደረሰኙን ሰጠሁትና «ወንድም ጋሼ፥ ይህን ረስቼው ነበር፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ብዙ ጊዜ ተመለከተውና፥ «እኔ ገንዘቡን አላሰብሁትም። በእናታችን ፊት ‹አባቴ ለመሆን አትሞክር› ያልኸኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን ማለቴን ዛሬም አላስታውሰውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፥ የእኔን ቍስል ስድስት ዓመት ስቈጥር የእርሱን አንድ ቀን አልቈጠርሁም። አላስታውስም ብዬ አልተከራከርሁትም፤ አመንሁትና ስለዚያም ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም «ልጅ ነበርህ፤ እኔም ቀስ ብዬ ልመክርህ ይገባኝ ነበር» አለ።

ቡና እየተፈላ ሳለ የአራት ዓመት ልጁ መጥታ በጉልበቱ ላይ ተደገፈችና እያየችኝ «አባዬ፥ ይሄ ማነው?» አለችው። የወንድሜ ልጅ አታውቀኝም ነበር። «አጎትሽ ነው፤ የአባዬ ወንድም» አላት። ይህች ሕፃን ካደገች በኋላ ስለ ሁለታችን አንድ ታሪክ ትሰማለች። ወንድሜ በከለከለኝ ታሪክ ብቻ ብንቆይ ኖሮ የምትሰማው ያንን ነበር፤ አሁን ግን የከፈለውንም፥ የከለከለውንም፥ ያጠፋሁትንም፥ የታረቅንበትንም ትሰማለች።

በመስከረም ለማታ ትምህርት ተመዝግቤአለሁ። የሒሳብ አያያዝ ትምህርቱ ዛሬም ይከብደኛል። ሲከብደኝ ግን «ተከለከልሁ» አልልም፤ «ገና አልገባኝም» እላለሁ።

እናንተስ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በሣጥናችሁ ውስጥ የተረሳ ደረሰኝ ይኖር ይሆን? በምትናገሩት ታሪክ ውስጥ እናንተ የት ነበራችሁ? እግዚአብሔርስ የት ነበረ? እውነትን ለመናገር አንደበትን፥ ለመስማት ጆሮን፥ ይቅር ለማለት ልብን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።